የወፍጮው ነሐስ

ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.። የዛሬ ጠዋት ቆጠራ፦ ማሽላ አራት ጆንያ፣ ሰሊጥ ምንም፣ እናታችን አልጋዬ ላይ፣ በሕይወት።

ይድረስ ለእታለሜ ለራሒማ፣ ፖርት ሱዳን። ሰላምታዬ ከበርሽ እስከ ጓዳሽ ይግባ። ጤናሽ እንዴት ነው? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ? ልጆቹስ የባሕሩን ሙቀት ለመዱት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የላይኛውን መስመር ደግመሽ እንደምታነቢው አውቃለሁ፤ እውነት ነው፣ እማዬ ከአገር ቤት መጥታለች።

ሰኞ ዕለት ወደ ድንበሩ መንገድ ካለችው ከዶካ የመጣ ሾፌር «እናትህ ነኝ የምትል ሴት ገበያው ዳር ዳስ ውስጥ በትኩሳት ተኝታለች» አለኝ። ሎሪዎቹ ሁሉ የእርዳታ እህል ሊጭኑ ሄደዋል። ያለኝ ሞተር ብስክሌቴ ነው፤ እሱም ከመስከረም ጀምሮ ጀማሉ ጋራዥ ውስጥ ሆዱ ተከፍቶ ተቀምጧል። የጎደለው አንድ ቡሺንግ ነው፤ የፒስተኑ ፒን የሚዞርበት፣ ከጣት የማይሰፋ ቀለበት። አሮጌው ተበልቶ ሞተሩ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ያንኳኳ ነበር።

ጀማሉ ከተጣለ የቧንቧ መክፈቻ ያወጣውን ቢጫ ነሐስ ይዞ ጠበቀኝ። «ይሄ ለቶርኖ እንደ ቅቤ ነው፤ እስከ ቀትር ትነሳለህ» አለ። እንደ ቅቤ የሚቆረጥ እንደ ቅቤ ይቀልጣል አልኩት። ታዲያ ብረት ይሁን ስለው ደግሞ ዘይቱ ሲሳሳ ፒኑን ይነክሳል አለኝ። እውነቱን ነው፤ አሁን ገበያ ላይ ያለው ዘይት ውሃ ነው። ያኔ የጎረቤቴ የራዲያ ወፍጮ ትዝ አለኝ። የእሱ ቡሺንግ ከቀላ ያለ ነሐስ የተሠራ ነው፤ በአቧራና በመናኛ ዘይት ስንት ዓመት ሲሽከረከር አይቻለሁ። ለመቀየሪያ ያስቀመጠችው ጉማጅም አላት። የሚፈጭ እህል ጠፍቶ ወፍጮው ከቆመ ወራት ሆኖታል።

ስጠይቃት «ወፍጮዬን አርደህ ሞተርህን ልታበላ ነው?» አለች። እናቴ ታማብኝ ነው ብላት «ነጋዴ እናቱን ያላሳመመበት ገበያ የለም፤ አምጥተህ አሳየኝ» አለችና ጉማጁን ከሣጥን አውጥታ ወረወረችልኝ። ከተቆረጠ በኋላ ለወፍጮው እንደማይበቃ እሷም እኔም እናውቃለን።

ቀዩ ነሐስ ጠንካራ ነውና ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ጀማሉ «ዶካ እስክትደርስ ቢጫው ይበቃህ ነበር» እያለ ያጉረመርማል። እኔ የምፈልገው መድረስ ሳይሆን መመለስ ነው አልኩት። እታለሜ፣ አፌ እንዲህ አለ እንጂ፣ ነሐስ ስመርጥ ብትሞትብኝ ለአንቺ ምን ብዬ እጽፍ ነበር? ጀማሉ የዘይት መግቢያዋን በስቶ፣ ቀለበቷን ቦታዋ አስገብቶ ፒኑን በጣቱ ሲገፋው ሳይጠብቅም ሳይላላም ገባ። ያኔ ቢስሚላህ አልኩ።

በማግስቱ ዶካ ደረስኩ። እማዬ ቆዳና አጥንት ሆናለች፤ ግን አወቀችኝ። በነጠላዋ ከወገቤ ጋር አስሬያት ቀስ እያልን ተመለስን። መንገዱን ሁሉ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነበር፤ አንዴም አላንኳኳም። እሷ ግን «ይህች በቅሎህ የምታጓራው ጠግባ ነው ወይስ ተርባ?» ስትለኝ እንደምትድን አወቅሁ። ሐኪሙ ወባ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጣት፤ ትናንት ትኩሳቱ ለቀቃት። ራዲያም ዛሬ መጥታ አይታት «ለካስ እውነትም እናት አለችህ!» ብላ ሾርባ አስቀምጣ ሄደች። ክረምቱ ሳይገባ ከከሰላ ሌላ ነሐስ ላስመጣላት ቃል ገብቻለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። እማዬን ከአገር ጀምሮ ደግፋ ያመጣቻት አሰፋች የምትባል የአርማጭሆ ሴት ናት፤ ከራሷ ቀንሳ ውሃ ታጠጣት ነበር። ሞተሩ ሁለት ሰው እንጂ ሦስት ስለማይችል ዳሱ ውስጥ ቀርታለች። እማዬ ደግሞ «እሷን ሳላይ ጉሮሮዬ አይከፈትም» ብላ ሾርባውን ገፋችው።

ለባልሽ ለኢድሪስ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ሂያምን ሳሚልኝ፤ ትንሹንም ጆሮውን ቆንጥጠሽ አጎትህ ነው በይው። እማዬ ሁላችሁንም በስም በስም እየጠራች መርቃለች።

ነገ ጎህ ሲቀድ አሰፋችን ለማምጣት ወደ ዶካ እሄዳለሁ። ቤንዚን ተሞልቷል።

ወንድምሽ ሙዘይን
ገዳሪፍ