አስቴር ፊቷን ያጨማደደችበት ቲማቲም

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ባለቤቴ አስቴር መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ምግብ ሁሉ «ካርቶን ካርቶን ይለኛል» ትላለች። ስለዚህ ጓሮ ሦስት ዓይነት ቲማቲም ተክያለሁ። ጣዕሙ የሚሰማት ካለ ለከርሞ መሬቱ ሁሉ የእሱ ነው። መናኸሪያ አካባቢ የሚሸጠው አይረባም፤ እሱ የተፈጠረው ለጭነት መኪና እንጂ ለሰው አፍ አይደለም።

የቸገረኝ ሐቀኛ ቀማሽ ነው። በእኛ አገር የሰጡትን ምግብ የሚነቅፍ የለም። ጎረቤታችን ጋሽ ዱካሞ ሦስቱንም ቀምሰው፣ «ልጄ፣ የጌታን ፍሬ እንዴት አበላልጣለሁ?» አሉኝ። አንደኛው ውሃ ውሃ እንደሚል እሳቸውም እኔም እናውቃለን። አስቴር ደግሞ ከእሳቸው ትብሳለች፤ ምንም ሳይሰማት «ይጣፍጣል» እያለች እኔን ታጽናናለች።

ዛሬ ምሳ ላይ ከሦስቱ ዓይነት ከትንንሾቹ ቆራርጬ፣ ጨው ነስንሼ ሰጠኋት። አንዱን እንደጎረሰች ፊቷ ተጨማደደ።

«ኧረ ይሄማ ይኮመጥጣል! ሰው ልትገድል ነው እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?»

በትዳር ዘመኔ እንዲህ ያስደሰተኝ ስድብ የለም። ውሃ ላመጣላት ስነሳ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። «ይጣፍጣል» ማለቷን እንደማላምን ነቅታ፣ አሁንም ለእኔ ብላ «ይኮመጥጣል» ያለች ከሆነስ? አውቃታለሁ፣ ታደርገዋለች።

ውሃውን ይዤ ስመለስ ሳህኑ ላይ አንድም ቁራጭ አልቀረም። ጣቷን እየላሰች ነበር። ስታየኝ እጇን ጋቢዋ ውስጥ ደበቀች።