ወለል ስለነካው የፍሬን ፔዳልና ስለ ክቡርነትዎ ማኅተም

ለተከበሩ የአውራጃችን የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ከብቶችዎ፣ ይልቁንም ያ ሥራ የበዛበት ቀኝ እግርዎ ደህና ነው? እኔ ምንም እንኳ ከመሥሪያ ቤትዎ ብዙም ባልታገዝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ።

ስሜ ሴቻባ ራሞትሶ ይባላል። የመንደራችን የሱፍ አምራቾች ማኅበር ሹፌር ነበርኩ። በሪፖርትዎ «ጥንቃቄ የጎደለው አሽከርካሪ» ተብዬ የተጠቀስኩትም እኔው ነኝ። እኛ የሌሶቶ ተራራ ሰዎች ውለታ አንረሳምና፣ የተደረገልኝን ሁሉ በሕዝብ ፊት በቅደም ተከተል ላመሰግንዎ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። የማኅበሩ ሚኒባስ የፍሬን ፔዳል እንደ ረጠበ ሱፍ የለሰለሰ ጊዜ፣ እኔ ትዕግሥት ስለሌለኝ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አውልቄ የፈሰሰ ዘይት ፈለግሁ፤ ሁሉም ደረቅ ነበር። የፍሬን ዘይቱም ከልኩ አልጎደለም። አየር ገብቶ ይሆናል ብዬ መስመሩን ባስተነፍሰው አንዲት አረፋ አልወጣችም። በመጨረሻ ሞተሩን አስነስቼ ፔዳሉን ረግጬ ብይዘው፣ ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይፈስ ማስተር የሚባለው የፍሬኑ ዋና ፓምፕ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት አልቆ ወደ ኋላ እያሳለፈው ነበር ማለት ነው። ይህን ለእርስዎ ለማስረዳት ከጠዋት እስከ ምሳ ከደጅዎ ቆሜያለሁ፤ ወንበርም ሆነ ጥላ ሳያስቸግሩኝ በነፋሱ እንድቆም ስለፈቀዱልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራዎ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ በደረቀበት ሰዓት፣ በተወለወለ ጫማዎ አንዴ ጫን አድርገው ወዲያው ለቀቁትና «ይኸው! ድንጋይ ነው እኮ!» አሉኝ። «ጌታዬ፣ ሞተሩ ይነሳና ጥቂት ረግጠው ይያዙት» ብዬ ብለምን፣ «አንተ ሰውዬ፣ መንዳት ከፈራህ በግ ጠብቅ» ብለው ሠራተኞችዎን አሳቁብኝ። ከዚያም በምርመራ ወረቀቱ ላይ ማኅተምዎን አሳረፉበት። እውነቱን ለመናገር ከሚኒባሱ ፍሬን ይልቅ ማኅተምዎ አጥብቆ ይዟል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ታትሶ ማኅተሙን ባዩ ጊዜ ማስተር የመግዛቱን ነገር ተዉት። አልነዳም አልኩ። «ከመንግሥት ይበልጥ አንተ ታውቃለህ? እምቢ ካልክ ቁልፉን ለእህቴ ልጅ እሰጠዋለሁ» አሉኝ። የእህታቸውን ልጅ አነዳድ መላው መንደር ያውቀዋል፤ ተሳፋሪዎቹ ደግሞ ወደ ሠርግ የሚሄዱ ጎረቤቶቼ ነበሩ። ቁልፉን ተቀበልኩ።

የቀበሮ ቁልቁለትን እርስዎም ያውቁታል፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ ድንጋያማ ግድግዳ ነው። በከባድ ማርሽ እያቃሰትኩ ስወርድ፣ ከኋላ ሴቶቹ ይዘፍናሉ። ከሁለተኛው መታጠፊያ በላይ ፍሬን ብይዝ ፔዳሉ ሰተት ብሎ ወለል ነካ። ደጋግሜ ብረግጠው መልስ የለም። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ብስበው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተን፤ ሚኒባሱ ግን አልቆመም። ዘፈኑ ቀጥ አለ።

ከጎኔ የተቀመጡት እማማ ማሊኬሌዲ ብርድ ልብሳቸውን ጨብጠው «ልጄ፣ ጸሎቱን ለእኔ ተወው፣ አንተ ማርሹን ቀይር!» አሉኝ። አንደኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ ገባ፤ መታጠፊያው ግን ደረሰብን። «ወደ ግራ ተጠጉ! ጭንቅላታችሁን ያዙ!» ብዬ ጮኼ የሚኒባሱን ቀኝ ጎን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። ብረቱ እየተቀደደ፣ መስታወቱ እየረገፈ ተጎተትን፤ ከመታጠፊያው አፍ ላይ ስንደርስ ቆምን። እጆቼን ከመሪው ያላቀቁልኝ እማማ ማሊኬሌዲ ናቸው።

ማንም አልሞተም፤ ለሪፖርትዎ ማማር ይህን ማከል ረስተዋል። አስተማሪዋ ኬኬሌትሶ ግን ቀኝ ክንዷ ከሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ እስካሁን በግራ እጇ ጠመኔ እየያዘች ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ልጆቹ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ሦስተኛና ዋነኛው ምስጋናዬ ለሪፖርትዎ ነው። ሚኒባሱ ገና ከግድግዳው ሳይነሳ «ፍሬኑ በምርመራ ጤነኛ ነበር፤ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» ብለው መጻፍዎ፣ ሳያዩ ማወቅ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ጸጋ መሆኑን አስተምሮኛል። መንጃ ፈቃዴን መንጠቅዎም ጤና ሆኖኛል፤ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ያም በፈለግሁት ቦታ ይቆምልኛል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሹመት አልለምንም፣ ካሣም አልጠይቅም። ማስተሩ በሰው ፊት ይፈታ፤ በውስጡ የሚገኘው እውነትም በዚያው በማያልቀው ቀለምዎ ይጻፍ። ከዚህ ያነሰ ነገር እንዳልጠይቅ የኬኬሌትሶ ክንድ ይከለክለኛል።

ዕድሜዎን ያርዝመው፣ መንገድዎን ሜዳ ያድርገው እያልኩ፣ መንጃ ፈቃዱ በመሳቢያዎ ውስጥ በምቾት ተኝቶ እርሱ በአቧራ የሚመላለሰው ታዛዥዎ፣

ሴቻባ ራሞትሶ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት የእርስዎ የግል ሹፌር እቤቴ መጥቶ፣ የሚያመላልስዎት መኪና ፔዳል መለስለስ እንደጀመረ በሹክሹክታ አማከረኝ። ለእርስዎ ለመንገር እንደፈራ ስላየሁ፣ ልብሴን ለውጬ አብሬው መኪናው ሥር ገባሁና የላላ ቱቦ አግኝቼ አጠበቅሁለት። የሦስት ልጆች አባት ነው። እርስዎም ከኋላ ወንበር ስለሚቀመጡ በአጋጣሚ ተርፈዋል።