አሳማዎቹ ሰኞ ዕለት ወጡ

ለምወድህ ወንድሜ ለፔኒያሚና፤

እንደምን አለህልኝ? ያ የጀርባህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ፋብሪካው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ትውላለህ? ሚስትህ ሜሌ ደህና ናት? ልጆቹስ ትምህርት ጀመሩ? ትንሿ ጥርስ አወጣች ብለህ ነበር፤ ስንት ደረሱላት? እኔ በሰውነቴ ደህና ነኝ።  

እንዳልደውልልህ ስልኩ ያለው አጎታችን ሳኡኒ ቤት ነው፤ የምነግርህ ደግሞ የእሳቸውን ጉድ ነው። ደብዳቤውን የዛሬው መርከብ ይዞልኝ ይሄዳል። ከነገ ጀምሮ መርከብ አይንቀሳቀስም ተብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮው ከረቡዕ እስከ ዓርብ ብርቱ ነፋስና ከባድ ዝናብ እንደሚጠበቅ፣ ማዕበሉም መንደሩን ከባሕር ከሚከልለው የኮራል ድንጋይ አልፎ ዝቅ ያለውን የባሕር ዳር እንደሚያጥለቀልቅ ተናገረ። ጀልባ ያለው ሁሉ ጀልባውን ወደ ላይ እንዲጎትት አስጠነቀቀ። እኔ ወዲያው ያሰብኩት እናታችንን ነው። ከአራት ዓመት በፊት አሮጌው ቤታችን ፊት ለፊት ስንቀብራት እስከ ውኃው አርባ እርምጃ ነበር። ቅዳሜ ወርጄ ለካሁት፤ አሥራ አንድ ቀርቶታል። የጎረቤታችን የማሊያ አባት መቃብር አምና በማዕበል እንዴት እንደተከፈተ ጽፌልህ ነበር። ልጆቹ አጥንታቸውን ከአሸዋ ሲለቅሙ ያየሁት አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አጎታችን ዘንድ ሄድኩ። የቤተሰቡ አለቃ ናቸውና ያለ እሳቸው ቃል መቃብር አይነካም። ማዕበሉ ሳይደርስ እናቴን ወደ እኔ ቤት፣ ወደ ኮረብታው እናውጣት ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው የተጠበሰ ጎደሬያቸውን እየላጡ፣ «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል እንዴ? እሷ ከዚያ ከተነሳች መሬቱም አብሯት ተነሳ ማለት ነው። መሬቱ የእኛ ነው የሚሉት የእነታፋሌ ልጆች በማግስቱ መጥተው ኮኮናት ይተክሉበታል። መቃብር የሌለበትን መሬት የእኔ ነው ብል ማን ያምነኛል? ትቀመጥልን!» አሉኝ። ማዕበሉስ ብላቸው፣ «እነዚህ የሬዲዮ ሰዎች ደመና ባዩ ቁጥር ይጮሃሉ» ብለው ሳቁ። የገዛ እህታቸውን አጥንት የመሬት ዘበኛ አድርገው መሳቃቸው ነው።

እንዲያም ሆኖ ማዕበሉ መምጣቱን በእውነት አላመኑም ይሆናል ብዬ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ በደጄ የአሳማ ጩኸት ሰማሁ። የአጎታችን ልጆች አሥራ አራቱን አሳማዎች ወደ ኮረብታው እየነዱ ነው። ግልገሎቹን ሳይቀር በቅርጫት ተሸክመዋቸዋል። ወዴት ነው ብላቸው ትልቁ ልጅ፣ «አባባ ማዕበል ሊመጣ ነው፣ ፍጠኑ ብሎ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ምራቄን ተፋሁ፣ ፔኒ። ሬዲዮው ለአሳማዎቹ እውነት ነው፤ ለእናታችን ሲሆን ውሸት ነው። ወንድም የእህቱ አገልጋይ ነው፣ የእህቱ ቃል የተከበረ ነው ተብለን አይደል ያደግነው? ይቅር በለኝ፤ ከዚህ በኋላ እሳቸው ብሎ መጻፍ እጄ እምቢ ብሎኛል።

ወርጄ ይህንኑ በፊቱ ስነግረው ምን አለኝ መሰለህ? «ፔኒያሚናን በስልክ ጠይቄዋለሁ። ወንድ ልጇ እሱ ነው፤ እዚያው ትቆይ ብሏል።»  አላመንኩትም። ግን በሙሉ ልቤ ሐሰት ነው ለማለትም አልቻልኩም፤ ከሁሉ ያመመኝም ይኸው ነው። አንተን ሳስብ ዓይኔ ላይ የሱ ፊት መጣብኝ።

ዛሬ ማለዳ መቃብሩ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው ከኋላዬ መጣ፤ የአጎታችን ሚስት አክስት ሲአታ ናት፣ ድጅኖ በትከሻዋ ይዛ። «የእኔ ወንድም እንዲህ ቢያደርገኝ ከመቃብሬ ተነስቼ አንቀው ነበር። በይ ያዢ» አለችኝ። ማሊያም መጣች። የመቃብሩን ሲሚንቶ ሦስት ሴቶች ሆነን ሰበርነው። የእናታችንን አጥንት በኮኮናት ዘይት አጥበን፣ ለሠርጌ ራሷ በሠራችልኝ ሰሌን ጠቀለልናት። አጎታችን መጥቶ ዳር ቆመ። እጁን አላነሳም፣ አላገዘንምም። «ፔኒያሚና ምን ይላል?» ብቻ አለ። እጽፍለታለሁ አልኩት።

ይኸው ጻፍኩልህ። ብለኸው ከሆነ አትደብቀኝ፤ እቆጣለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ግን ካንተው አፍ ልስማው። ካላልክ ደግሞ በእሱ ስልክ ደውለህ ራስህ ንገረው፤ መንደሩ እንዲሰማ ጮክ ብለህ። እህትህ ነኝ፣ አንድ ቀን እኔም እቀበራለሁ፤ የምን ዓይነት ወንድም እህት እንደሆንኩ ማወቅ አለብኝ።

ሜሌን ሳምልኝ፤ የላከችው ቀሚስ ልክ ሆኖኛል በልልኝ። ትልቁን ልጅህን ኢሎአን ትምህርትህን ጠበቅ አድርግ በለው። ትንሿን ጥርሷ ላይ ሳማት። አማትህንም እህቴ እጅ ነስታለች በልልኝ። አክስት ሲአታ እጇ በድጅኖ ቢላላጥም ሰላም ብላሃለች። ስለ እናታችን አትስጋ። ከቤቴ ጀርባ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ናት፤ ከአሳማዎቹ በላይ።

እህትህ ሊታራ

ሳሉአና መንደር፣ ሳቫይ ደሴት
ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1998