የአባባ ሰማያዊ ቁምጣ

ውድ አያቴ እማማ ፀሐይነሽ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? አራሷ አክስቴ ፅዮንስ በረታች? ሕፃኑስ ዝም ማለት ጀመረ ወይስ አሁንም እንደ አባባ ጓደኛ እንደ ጋሽ ይመር ነው?

መደወል ስችል ለምን እንደጻፍኩ ሳይገባዎት አይቀርም። የእርስዎ ስልክ ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ነው። ባለፈው የሒሳብ ፈተና መውደቄን ለእርስዎ ብቻ ሹክ ብል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ቄሱ ሳይቀሩ «አይዞህ» አሉኝ። ስለዚህ ይቺን ወረቀት እናቴ ከገንፎው ዱቄት ጋር ሌክውድ አክስቴ ቤት ድረስ ታመጣልዎታለች። ሦስት ዙር በፕላስተር ያሸግኩት እሷን ስለማላምናት ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎትና ስሕተቴን በቀይ እስክሪብቶ አርመው እንዳይመልሱልኝ ብቻ እለምናለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ባለቤትዎ አባባ ደህና ናቸው። ይህን ስጽፍ ሳሎን ተቀምጠው ዜና እያዩ ነው። አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ ቀይ ሽንኩርት መስሏል እንጂ ሌላ ምንም አልሆኑም። ይህን ቀድሜ የምነግርዎት ቀጥሎ ያለውን ሲያነቡ ልብዎ እንዳይመታ ነው።

ወደ ባሃማስ ከመሄዳችን በፊት ማተቤን አስይዘው ያስማሉኝን ያስታውሳሉ? «አባባህ ውኃ እንዳይገባ። ዓይንህን ደግሞ ከእሱ ላይ እንዳትነቅል» አሉኝ። እኔም ማልኩ። ከመማሌ በፊት ግን አፍርሼው ነበር። ከጥር ጀምሮ በየቅዳሜው «ለጉልበታቸው ፊዚካል ቴራፒ» ብዬ ስወስዳቸው የከረምኩት እዚሁ ከተማችን ኦሮራ፣ የሕዝብ መዋኛ ነው።

ነገሩን ያመጣው የታላቅ ወንድማቸው የአቶ ፍረዝጊ ሞት ነው። በየፋሲካው ከምጽዋ ሲደውሉ የሚያወሩት ትዝ ይልዎታል? በወጣትነታቸው ሉል ለመልቀም ሲጠልቁ፣ አፉ የበቀቀን የሆነ፣ ድንጋይ እንደ ቆሎ የሚቆረጥም ዓሣ አየሁ ይሉ ነበር። «ሲቆረጥም ድምፁ ይሰማል!» ሲሉ አባባ «አንተ ውሸታም!» ይሉና ስልኩን ለእርስዎ ያቀብላሉ። ስድሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበሩ። የሐዘኑ ሰሞን መኪና ውስጥ «ዮናታን፣ እዚህ አገር ለሽማግሌ ዋና ያስተምራሉ?» አሉኝ። ሳቄን ዋጥኩት። የምጽዋ ልጅ ሆነው ባሕር ገብተው እንደማያውቁ ያኔ ነው የነገሩኝ።

የመጀመሪያው ቀን ካልሲያቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ከሃቫና ስትሪት የገዙት ሰማያዊ ቁምጣ ሁለት ቁጥር ስለሚሰፋቸው በአንድ እጅ ይዋኛሉ፣ በሌላው ቁምጣቸውን ይይዛሉ። ሲፈሩ ያማትባሉ፣ ሲያማትቡ የገንዳውን ጠርዝ ይለቃሉ፣ ሲለቁ ይሰምጣሉ፣ ሲሰምጡ ደግሞ ያማትባሉ። ፊታቸውን ውኃ ውስጥ ለመንከር ብቻ አራት ቅዳሜ ፈጀ። እርስዎ «ምነው በረኪና በረኪና ይሸታል?» ሲሉ «ቴራፒስቱ ንጽሕና ይወዳል» ያልኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ባሃማስ የተከራየናት ጀልባ። ሸራዋ ትልቅ፣ ካፒቴኗ በባዶ እግሯ የምትሄድ ቀጭን ሴት። አባዬ ዓመት ሙሉ ሲያቅድና ቡክ ሲያደርግ ከርሞ፣ ሸራው ገና እንደተነፋ ባልዲ አቀፈ፤ ከባልዲው ጋር አብሮ ኖረ። ጋሽ ይመር ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስቦርሸው፣ ሻንጣ ሙሉ በሶ ይዘው መጡ። ካፒቴኗ ጫማ አስወለቀቻቸውና የካልሲያቸውን ቀዳዳ ሁላችንም አየን። ከአባባ ጋር ሃያ ዓመት የኤርፖርት ሻትል ሲነዱ እንኳ ያልታየ ቀዳዳ!

ሰኞና ማክሰኞ መንጠቆ ጥለን ዋልን፤ አንድም ዓሣ አልነከሰልንም። ረቡዕ ክንዴን የሚያህል መጣ።

«ዓሣ ደም የለውም፤ የጾም ነው» አሉ ጋሽ ይመር።

ዓሣው ነጭ ካልሲያቸው ላይ ደማ።

«እሺ፣ አሁንስ?» አሉ አባባ።

«ይሄኛው የፈረንጅ ነው፤ የእኛ አገሩን ነው ያልኩት።»

ለካፒቴኗ ሰጥተን በሶ በጠበጥን። ሐሙስ እንደገና ጠፋ። ዓርብ ሁለት! እዚያ አገር ዓሣው ራሱ ጾም ጠብቆ ነው የሚነክሰው።

ሐሙስ ከሰዓት ግን አንዲት ትንሽ ደሴት አጠገብ መልህቅ ጣልን። አሸዋው ላይ መልህቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አባባ ከታች ቁምጣቸውን ለብሰው ብቅ አሉ።

«እማማ አስምለውኛል እኮ» አልኳቸው።

«የማልከው አንተ። እኔ መቼ ማልኩ?»

ላይፍ ጃኬት አጥልቄላቸው፣ የዋና ማስኩንና መተንፈሻ ቱቦውን አስተካክዬ አብሬ ገባሁ። ደህና ነበሩ። ከዚያ ጋሽ ይመር ከላይ «ዮናታን! ይሄ ስልክ ቪዲዮ የሚያነሳው የቱን ስነካ ነው?» ብለው ተጣሩ። ወደ ጀልባዋ ዋኝቼ ማስረዳት ጀመርኩ። ቀዩን ይንኩ ስል ካሜራውን ያጠፉታል፤ እስቃለሁ። ዞር ስል አባባ የሉም።

ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀው በሆዳቸው ተንሳፍፈዋል። ፊታቸው ውኃ ውስጥ ነው። እጃቸው ተዘርግቷል። አይንቀሳቀሱም። ጠራኋቸው፤ ምንም።

«ወይኔ ተስፎም! ወንድሜን!» ብለው ጋሽ ይመር አባባን በስማቸው እየጠሩ ጮኹ። አባዬ ባልዲውን ጥሎ ከነመነጽሩ ዘለለ። እኔ እንዴት እንደዋኘሁ አላውቅም። እማማ፣ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእርስዎ ምን ብዬ እደውላለሁ? ያውም ስፒከር ላይ።

ደርሼ ትከሻቸውን ያዝኩ። ቀና አሉና ቱቦውን ተፉት።

«ምን ያስነካካሃል! አባረርክብኝ!»

«አባባ፣ ስጠራዎት አይሰሙም?»

«ዝም በል! እየሰማሁ ነው የነበረው። ይቆረጥማል እኮ!» እጄን ጨመቁት። «አፉ የበቀቀን ነው። ድንጋዩን ይቆረጥማል። ፍረዝጊ አልዋሸም፣ ዮናታን። አንድ ቀን አልዋሸኝም።»

ማስካቸው ግማሽ ድረስ ውኃ ሞልቶ ነበር። ያን ማስክ ጠዋት እኔ ራሴ ፈትሼዋለሁ፤ አያፈስም። ጭንቅላቴን ከጎናቸው ነክሬ ሰማሁ። እውነትም ቆሎ ነው፤ ቀሽ፣ ቀሽ፣ ቀሽ። አባዬ መነጽሩን አጥቶ አጠገባችን እየተንቦራጨቀ «ማነው የሞተው?» ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቁምጣቸውን የሸራው ገመድ ላይ ላሰጣ ገልበጥ ሳደርገው፣ ወገቡ ጠብቧል። ለካ ጀልባዋ ላይ አንዴም በእጃቸው አልያዙትም! በጥቁር ድርብ ክር፣ ጫፉ ሦስት ጊዜ ተቋጥሮ የተሰፋ፤ ልክ እንደ ትምህርት ቤት ሱሪዬ። አባባን ብጠይቃቸው «ሲታጠብ ጠቦ ይሆናል» አሉ። እኛ ቤት ደግሞ መርፌ የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አሁን ሌክውድ አራስ እያረሰ ነው።

ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት? ከበረኪናው? እኔ እኮ ስድስት ወር ሙሉ እንደ ሰላይ ፎጣ ስደብቅ ነበር!

አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። ያስማሉኝ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያውን እርስዎ ራስዎ በመርፌ አፍርሰውታል፤ ስለ እሱ አልጸጸትም። ሁለተኛው ግን የእኔ ነበር። ዓይኔን ነቅያለሁ፣ እማማ፤ ለሁለት ደቂቃ፣ ለጋሽ ይመር ስልክ። አባባ ምንም ሳይሆኑ እግዜር መለሰልኝ። ይቅርታ የምጠይቅዎት ለእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ነው።

ቅዳሜ መዋኛው አይቀርም። ከዱቄቱ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለው የእኔ ቁምጣ ነው፤ ወገቡ ሰፍቶኛል። በዚያው ክር ይሁንልኝ።

ከእንግዲህ ዓይኑን የማይነቅለው የልጅ ልጅዎ፣
ዮናታን