ኩርፊያ የሚያሟሟ ጨው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሚስቴ ዛሬም በድመቷ በኩል ነው ያናገረችኝ። "ለጌታሽ ንገሪው፣ ራቱ ድስት ውስጥ ነው" አለቻት። ድመቷ ዞራ አየችኝ። እኔም "እመቤትሽን፣ እጅሽ ይባረክ ብሏል በያት" አልኳት።

ምን አጠፋሁ? እሺ... አውቀዋለሁ። እሁድ እህቷ ቤት ፀጉሯን አዲስ ተቆርጣ ብቅ ስትል፣ "ከፀጉር ሰሪዋ ጋር ተጣልተሽ ነበር እንዴ?" አልኩ። ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ። ከእሷ በቀር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጋራዥ ስገባ አብሮኝ የሚሠራው ጎሚስታ ፊቴን አይቶ፣ "ዛሬም በአስተርጓሚ ነው?" አለኝ። አፌ አያርፍ፣ የድመቷን ነገር ነግሬዋለሁ። "ሚስትህ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምታስተምር ሰው ናት። እግሯን የሚያሳርፍላት ነገር ስጣት" አለና ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። አንዲት ሴትዮ ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና ሲትሪክ አሲድ ቀላቅላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትበትነዋለች... ሽሽሽ እያለ አረፋ ይሆናል። ከዚያ ገንዳው ውስጥ ገብቶ መዘፍዘፍ ነው።

ቤኪንግ ሶዳ? እሱማ የእኔ ሙያ! የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ ስንት የሻገተ የባትሪ ራስ በሶዳ አጥቤያለሁ።

"ገንዳ ግን አላችሁ?"

አለን... ውስጡ የእኔ ዕቃ ነው እንጂ። ዲናሞ፣ የፊት መብራት፣ የሽቦ ጥቅል። ቤቱን ከተከራየን ጀምሮ "አንሳልኝ" እንዳለችኝ ነው። የምንታጠበው ጥግ ላይ ቆመን በጆግ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ገበያ ስትወጣ ጀመርኩ። ሲትሪክ አሲዱን ከኬክ ዕቃ ሱቅ አገኘሁት። ሴትየዋ ስልኩ ላይ "ውሃ በጣም ጥቂት፣ በመርጫ" ብላ ነበር። እኔ ግን የባትሪ ሰው ነኝ... አንድ ብርጭቆ ቸለስኩበት።

ወይ ጉድ! አረፋው ከሳህኑ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ወደ ምንጣፍ። ድመቷ መጋረጃው ላይ ወጣች። በፎጣ ብል በመወልወያ ብል አልቆም አለኝ። ሲበቃው ራሱ ቆመ።

ስትመለስ ምንጣፉ ርሷል። "ምን ሆኖ ነው?" ብላ ድመቷን ጠየቀቻት። አላጋለጠችኝም። ጎበዝ!

እሁድ፣ ኅዳር 14

ድጋሚ። ያለ ውሃ። እንደተባለው ማድረግ እንዲህ ቀላል ነው? ደረቁን ቀላቀልኩ፣ ዘይት ጠብ አደረግኩበት፣ በጣቴ አሸሁት። ቆንጆ ሆነ። ሽታ ብቻ ነው የጎደለው። ጎሚስታው ጋ ብደውል "የመኪና ሽቶ ልስጥህ?" ይለኛል። ሚስቴ ታክሲ ናት?

ቁም ሳጥን ውስጥ የእሷን ሽቶ አየሁት። ለሰርግና ለትልቅ ቀን ብቻ የምትነካውን። ሦስት ጠብታ ብቻ... ምን ይጎዳል? ክዳኑ አልከፈት አለ። በፒንሳ ያዝኩት። ተከፈተ። ተገለበጠም። ደግነቱ የተደፋው ጨው ላይ ነው።

ጠርሙሱን ውሃ ሞላሁት። ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ገንዳውን ባዶ አደረግኩት። ግማሹን ዕቃ ጎሚስታው ወሰደ፣ ግማሹን ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስበው ሰውዬ። አንዱን ዲናሞ ይዤ አመነታሁ... ይሠራ ይሆን? አይሠራም። ይሂድ! ከዚያ ገንዳውን ፈተግኩት። ለካ ነጭ ነው!

ጨውን ክዳን ባለው ጠርሙስ ሞልቼ ሪባን አሰርኩለት። ነገ እሰጣታለሁ። ግን ምን ብዬ? ይቅርታ ልል ስል አፌ ይተሳሰራል። በድመቷ ልላክ? ኧረ ነውር ነው። ፈራሁ። እንዲህ እንደተዘጋጋን ብንለምደውስ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ቀደመችኝ። ጠዋት የወላጆች ስብሰባ ላይ ንግግር ነበረባት። ለብሳ፣ አምራ፣ ሽቶውን አንገቷ ላይ ረጨች... ረጨች... አሸተተች። ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ልደበቅ ምንም አልቀረኝ።

"አንተ!"

አንተ አለችኝ! እኔን! በቀጥታ!

"ሽቶዬን ምን አደረግከው? ብሎ ብሎ ውሃ? ጭራሽ ይገለፍጣል እንዴ!"

እውነትም እየገለፈጥኩ ነበር። ድምጿ እንዴት እንደናፈቀኝ...

"ጨው ውስጥ ነው" አልኳት።

"የምን ጨው?"

እጇን ይዤ መታጠቢያ ቤት አስገባኋት። ገንዳውን አየች። ጠርሙሱን አየች። ያን ጊዜ አፌ ተፈታ። "እህትሽ ቤት ላልኩት ይቅርታ። ፀጉርሽ ያምርብሻል። ሰው ላስቅ ብዬ አንቺን አዋረድኩሽ" አልኳት።

"ረፈደብኝ" ብላ ወጣች። በሩ ላይ ቆም አለችና፣ ሳትዞር፣ "ስመለስ ውሃ ሞቆ ይጠብቀኝ" አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ትናንት ውሃ ሳመላልስ ወገቤ ተቆረጠ። ጨውን ስትበትነው ሽሽሽታው ኮሪደር ድረስ ተሰማ። ከዚያ ሳቋ። ውሃው እስኪቀዘቅዝ አልወጣችም።

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ትነዘንዘኛለች። ስለ ሽቶው፣ ስለ ምንጣፉ፣ ገንዳ ለማጽዳት ይህን ያህል ዘመን ስለመፍጀቴ። ቁርስ ላይ፣ ጫማዬን ሳስር፣ በር ድረስ ተከትላ። ሥራ ረፈደብኝ። ጎሚስታው ደወለ፣ "የት ቀረህ? ባለመኪናው እየጠበቀህ ነው።"

"ሚስቴ እየተቆጣችኝ ነው" አልኩትና፣ ስልኩን ዘግቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።