ዓምደሚካኤል በምን እንደሞተ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ወርቅውሃ፤

እንዴት ነሽ እትዬ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ባለቤትሽ ጋሼ ንጋቱስ ዓይናቸው ተሻላቸው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። በስልክ ለቅሶ እየቀደመኝ ነገሩን አንድ ቀን እንኳ አስተካክዬ ስላልነገርኩሽ፣ ቀስ ብዬ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት ስምንት፣ ቅዳሜ ቀን፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሥራዬ ላይ ነበርኩ። የአንዲት አሮጊት ፀጉር እያበጠርኩ ቀና ስል ንስሐ አባቴና ጎረቤቴ ቤዚ በር ላይ ቆመዋል። ሁለቱ አብረው ሥራ ቦታዬ የሚመጡበት ሌላ ምን ጉዳይ አለ? አበጥሬ እስክጨርስ አልነገሩኝም፤ እኔም ቶሎ አልጨረስኩም።

ያን ዕለት ለአንቺ ስደውል "ልጄ ጠመንጃ እንደያዘ ሞተ" ብዬ ጮህኩ አሉ። እኔ አላስታውሰውም። ሰሞኑን ልጅሽ ወንድሜነህ እንደነገረኝ፣ ሰፈሩ ዓምደሚካኤል ራሱን አጠፋ ብሎ ወስዶታል። ቄስ ገላውም እርግጡ ሳይታወቅ ፍትሐት አላደርስም፣ አርባውም አይወጣም ብለዋል። አንቺ እንዳልሰማ ብለሽ ደብቀሽኛል። በእሳቸው አልፈርድም፤ ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አሁን እውነቱን ስሚ፤ ለእሳቸውም አንብቢላቸው።

ጠመንጃው የጨዋታ ነው። ኤርሶፍት ይሉታል። የአተር ፍሬ የምታክል የፕላስቲክ ጥይት ይተፋል፤ ቆዳ ያቀላል እንጂ አይገድልም። ትልልቅ ሰዎች ፊታቸውን ሸፍነው፣ ጫካ ውስጥ በሁለት ቡድን ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ ለመውሰድ ይጫወቱታል። የተመታ ሰው ራሱ እጁን አንሥቶ "ተመታሁ" ብሎ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ዙሩ እስኪያልቅ አይናገርም፤ ሰውም አያናግረውም።

እስከ ዐሥራ አንድ ዓመቱ አንቺ ያሳደግሽው ልጅ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀሚስሽ ሥር ይገባ እንደነበር ታውቂያለሽ። እዚህ አሜሪካ መጥቶም ባሰበት። እኔም "አንገትህን ደፍተህ ኑር፣ የሰው አገር ነው" እያልኩ አባባስኩት። ከሁለት ዓመት በፊት ይድነቃቸው የሚባል፣ እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ የሚኖር ጓደኛው ወደ ጨዋታው ወሰደው። መጀመሪያ ከግንድ ኋላ ሳይወጣ ይውል ነበር አሉ። ይድነቃቸው "ግንዱን ልታገባው ነው እንዴ?" እያለ ይስቅበታል። ደግሞም "የተደበቀ ሰው አልተረፈም፤ ተራውን ነው የሚጠብቀው። ስትወጣባቸው ግን የሚደነግጡት እነሱ ናቸው" ይለው ነበር። ልጄ እያደር ፊት የሚቀድም ሆነ። እኔ መኪና ስነዳ ሀይዌይ የሚሉት ፈጣን መንገድ መግባት ፈርቼ ዳር ዳሩን ስንቀራፈፍ "ማሚ፣ አትለማመጫቸው፣ ግቢ" ይለኝ ጀመር። ገባሁም። አርሊንግተን ያለው የሥራ አለቃው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲያስቀረው፣ አልመጣም ብሎ ፊት ለፊት ነገረው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለአለቃ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

የዚያን ቀን ከፌርፋክስ ወዲያ ባለ ጫካ ነበሩ። ጓደኞቹ መሬት ላይ ተለጥፈው ቀሩ። እሱ "ተከተሉኝ" ብሎ ወጣ፤ ባንዲራው አጠገብ ሲደርስ ተመታ። መታሁት ያለ ሰው አልነበረም፤ መካድ ይችል ነበር። እጁን አንሥቶ ወጣና ዛፍ ተደግፎ ተቀመጠ። ልቡ እዚያ ቆመ። ሐኪሞቹ ከልደቱ ጀምሮ የነበረ፣ ማንም ያላወቀው የልብ ችግር ነው አሉ። ጓደኞቹ በአጠገቡ አልፈዋል፤ አንዱማ በእጁ ሰላም ብሎታል። የወጣ ሰው አይናገርምና፣ ዝምታው የጨዋታው ደንብ መስሏቸው ተዉት። ሃያ ደቂቃ ያህል ሰው ሳያናግረው ተቀመጠ።

ይድነቃቸው ቤቴ መጥቶ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ "ውጣ ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ" እያለ አለቀሰ። ቤት ባስቀረው ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። አልጋው ላይ ተኝቶም ሊሆን ይችል ነበር አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ነው። አልጋው ላይ ቢሆንማ እኔ አናግረው ነበር።

እዚህ ፍትሐቱ ተደርጎለታል። የቤተ ክርስቲያናችንን ደብዳቤና የሐኪሙን ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ፤ ወረቀቱን ወንድይራድ የሚባል የማኅበራችን ሰው ወደ አማርኛ መልሶልኛል። ሰኞ ወደ አገር ቤት የሚገባው ንጉሴ በእጅሽ ይሰጥሻል። አርባው ኅዳር ዐሥራ ሰባት ይውላል። ክርስትና የተነሣበት ደብር በዚያን ቀን ስሙን ሳይጠራው እንዳይቀር፣ እትዬ፣ ቄስ ገላው እግር ላይ ወድቀሽ ለምኚልኝ።

ጋሼ ንጋቱን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ወንድሜነህን ነገርካት ብለሽ አትቆጪው። ሀዲስን ሳሚልኝ። ትንሿ ዮሐና ስለ ዓምደሚካኤል ከጠየቀችሽ እውነቱን ንገሪያት፤ ሩቅ አገር ሄደ አትበያት። ጎረቤቶቻችንን፣ ያሙትንም ጭምር፣ ሰላም በይልኝ።

ይህን ያነበባችሁ፣ ሲነበብም የሰማችሁ ሁሉ፣ ስለ ልጄ ነፍስ ጸልዩልኝ። የክርስትና ስሙ ሀብተ ማርያም ነው።

እህትሽ የዓለምዘርፍ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.