ካልኩሌተሩን ብርድ መታው

ሰኞ፣ ሰኔ 22
ደግሜ አነበብኩት፤ አሁንም አልገባኝም። ፈሳሽ ክሪስታል እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ሞለኪውሎቹ ግን ባንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ነው። ሙቀት ሲበዛ ሰልፉ ይፈርሳል። የአንዱ ቶሎ፣ የሌላው ዘግይቶ። ለምን? «በቅርጻቸው ምክንያት» ይላል መጽሐፉ። እኔም እሱኑ በቃሌ ይዣለሁ። አምና በክረምት ትምህርት አማካሪዬ «ሸምድደሽ ነው የመጣሽው» ብለው ጣሉኝ። አርብ ጥናቴን ድጋሚ አቀርባለሁ። ዘንድሮም ከወደቅኩ ዲግሪው ቀረ። የኬሚስትሪ አስተማሪ በኬሚስትሪ ስትወድቅ! ተማሪዎቼ ቢሰሙስ?

ማክሰኞ
ከተማችንን ዘመሮን ጉም ውጧታል። የካልኩሌተሬ ቁጥሮች ደብዝዘዋል፤ አዲሱ ቁጥር መጥቶም የቀድሞው ቶሎ አይጠፋም። ለአክስቴ ለእትዬ በለጡ አሳየኋቸው። «ብርድ መቶት ነው እንጂ ምን ይሆናል» አሉ። ስቄ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ካልኩሌተሩ በሱፍ ብርድ ልብሳቸው በባና ተጠቅልሎ ምድጃው ጥግ ተኝቷል! ብገልጠው ፊቱ ጥቁር፣ አንድ ቁጥር የለ። የትምህርት ቤት ንብረት እኮ ነው። ጮህኩባቸው። «አንቺንም በልጅነትሽ እንዲሁ ነው ያዳንኩሽ» ብለው አኮረፉ።

ረቡዕ
ዳነ! ተናድጄ መስኮቱ ላይ ጥዬው ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ጥቁሩ ከዳር እየሸሸ ቁጥሮቹ ብቅ ብቅ አሉ። ለካ ያ መስታወት ውስጥ ያለው እሱ ራሱ ፈሳሽ ክሪስታል ነው። በሙቀት ተበተነ፣ ሲበርድ ማንም ሳያዘው ተሰለፈ። እንዴት ያለ ድንቅ ነገር! ይህን ሁሉ ጊዜ በእጄ ይዤው አላየሁትም። እትዬ በለጡን ይቅርታ ጠየቅኩ። «ታዲያ አላልኩሽም? ሙቀት ነው ያዳነው» አሉ። አልተከራከርኩም።
«ለምን» የሚለው ግን እንዳለ ነው።

ሐሙስ
መናኸሪያ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ልሳፈር። አንድ ሰውዬ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሁለት ሸክም ጫነ፣ አንድ የጓሳ ሣር፣ አንድ የአስታ ጭራሮ። በተመሳሳይ ገመድ አሰራቸው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ስንናጥ አስታው ተበትኖ በመስኮቴ በኩል ረገፈ፣ ከሣሩ ግን አንድም አልወረደም። ሣሩ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ተጠጋግቶ ይያያዛል። አስታው ከጎኑ ቅርንጫፍ አለው፤ ጎረቤቱን ይገፋል። «ገባኝ!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ አማተቡ።

አርብ
አማካሪዬ ሁለት ሞለኪውሎች ሰሌዳው ላይ ሣሉ፤ አተሞቻቸው በዓይነትም በቁጥርም እኩል ናቸው። «ታዲያ ይህኛው ለምን ቶሎ ይበተናል?» አሉ። ወረቀቴን አላየሁም። ከጎኑ የወጣችውን ቅርንጫፍ በጣቴ እያሳየሁ፣ ጎረቤቱን እንዴት እንደምታርቅና ትንሽ ሙቀት ለምን እንደሚበቃው ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ ፈንታ በአማርኛ ማስረዳቴን ያወቅኩት ከጨረስኩ በኋላ ነው። አማካሪዬ መነጽራቸውን አወለቁ።
«ቁጭ በይ» አሉ፣ «ገብቶሻል»።